ቁልፉን ይዞ የሚመጣ ፋይል

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የግዢ ክፍል ሠራተኛዋ ኢሜይሏን ትከፍታለች። ከላይ ያለው መልእክት ርዕሱ «የዋጋ ማቅረቢያ ጥያቄ» ይላል፤ ከሥሩ አንድ የኤክሴል ፋይል ተያይዟል። የላኪው ስም አዲስ አይደለም፤ ከዚህ ቀደም ፕሮፎርማ ያመጣ ድርጅት ነው። ፋይሉን ስትጫነው ኤክሴል ይከፈትና የደበዘዘ የደረሰኝ ምስል ይታያል። በምስሉ ላይ ሰነዱ የተጠበቀ መሆኑን፣ አጥርቶ ለማየት ከላይ ያለውን «ኢነብል ኤዲቲንግ» መጫን እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። ትጫነዋለች። ምስሉ ግን እንደደበዘዘ ይቀራል። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ትዘጋውና ወደ ቀጣዩ ሥራዋ ታልፋለች።

እንዲህ ያለ ጠዋት በየትኛውም አገር፣ ደረሰኝና ዋጋ በኤክሴል በሚለዋወጥበት ማንኛውም ቢሮ ያጋጥማል። ሠራተኛዋ ያላወቀችው ነገር ፋይሉ ከመነሻው በይለፍ ቃል የተመሰጠረ መሆኑን ነው፤ የይለፍ ቃል አስገቢ ያላት ግን የለም። በመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ሰርቨር ላይ ያለው አንቲቫይረስም ፋይሉን ተመልክቶ ምንም አላገኘሁበትም ሲል አሳልፎታል። የተመሰጠረ ነገር ለመርማሪ ፕሮግራም ትርጉም የሌለው የባይት ክምር ስለሆነ በእርግጥም ያገኘው ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ባንክ ስንገባ ጥበቃው ቦርሳችንን ከፍቶ ይፈትሻል። በቁልፍ የተከረቸመ ሻንጣ ይዞ የመጣን ሰው ከውጭ ዳብሶ ካሳለፈው ግን ፈተሸ ማለት አይቻልም። የተመሰጠረ ሰንጠረዥ በብዙ የኢሜይል ሰርቨሮች በኩል የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው። ሐቀኛ ሰው ምስጢሩን እንዲጠብቅበት የተሠራው ምስጠራ ለአጥቂው የመደበቂያ ልብስ ሆኖለታል።

ሆኖም አጥቂው ሊያመልጠው የማይችል አንድ ችግር አለበት። ሰለባው ፋይሉን መክፈት አለበት፤ ስለዚህ ቁልፉም ሰለባው በሚደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት። የዚህ ዓይነቱን ማልዌር የማግኘት ሥራ በአብዛኛው ያንን የተቀመጠ ቁልፍ መፈለግ ነው።

በኤክሴል ውስጥ የተቀበረው ቃል

የግዢ ሠራተኛዋ የይለፍ ቃል ያልተጠየቀችበት ምክንያት በራሱ በኤክሴል ውስጥ አለ። ኤክሴል የተመሰጠረ ፋይል ሲያገኝ ተጠቃሚውን ከመጠየቁ በፊት አንድ የይለፍ ቃል በራሱ ይሞክራል። ቃሉ «ቬልቬትስዌትሾፕ» ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈ ስለሆነ በሁሉም ቦታ አንድ ነው። ሙከራው ከተሳካ ሰንጠረዡ ያለ ምንም ጥያቄ ይከፈታል። የይለፍ ቃል መጠየቂያዋ ሳጥን የምትመጣው ካልተሳካ ብቻ ነው።

ነገሩ የተሠራው ለተንኮል አልነበረም። በአሮጌው የኤክሴል ቅርጸት አንድ ሰው የሰንጠረዡ አወቃቀር እንዳይነካበት ሲቆልፍ ፕሮግራሙ ፋይሉን ይመሰጥረው ነበር። ማንበብ ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነበርና ማንኛውም ኤክሴል ሊፈታው የሚችል የጋራ ቃል አስፈለገ። ቃሉ የተወሰደው ስለ ማይክሮሶፍት የሥራ ሕይወት ይነገር ከነበረ ሐረግ ይመስላል፤ ሲያትል ታይምስ በ1989 ስለ ኩባንያው ባወጣው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ተጠቅሞበታል። (በዚህ ዘገባ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጥቂዎች ይህንን አሠራር ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቢያንስ ከ2013 ጀምሮ የአንቲቫይረስ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲጽፉበት ቆይተዋል። ይሁን እንጂ በመጋቢት 2020 ማይምካስት የተባለው የኢሜይል ደህንነት ኩባንያ «ላይምራት» የሚባል የርቀት መቆጣጠሪያ ማልዌር በዚያው ቃል በተመሰጠሩ የኤክሴል ፋይሎች ሲሰራጭ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። በአደባባይ የታወቀ ዘዴ ከዓመታት በኋላም ይሠራ ነበር። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ቃሉን የማያውቅ መርማሪ ፕሮግራም ማስተማር የአንድ መስመር ሥራ ነውና።

በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ማክሮ የሚባለው፣ በሰነድ ውስጥ የሚቀመጥ ትእዛዝ አይደለም። «ኢኩዌሽን ኤዲተር» በሚባለው አሮጌ የኦፊስ የቀመር መጻፊያ ውስጥ የነበረ፣ ሲቪኢ-2017-11882 ተብሎ የተመዘገበ ቀዳዳ ነው። ፕሮግራሙ የተጠናቀረው በ2000 ሲሆን ቀዳዳው የተደፈነው በኅዳር 2017 ነው። ማይክሮሶፍት በጥር 2018 ደግሞ ፕሮግራሙን ከናካቴው ከኦፊስ አወጣው። ሠራተኛዋ «ኢነብል ኤዲቲንግ» ስትጫን ኤክሴል ከኢንተርኔት የመጣን ፋይል አጥሮ የሚያሳይበት ጥበቃ ይነሳል። ኢኩዌሽን ኤዲተር ከጀርባ ይነቃል፤ በውስጡ የተሰገሰገው ኮድ ኢንተርኔት ላይ ካለ አድራሻ ሌላ ፕሮግራም ያወርዳል። ያ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ «ኤጀንት ቴስላ»፣ «ፎርምቡክ» ወይም «ሎኪቦት» የሚባለው ነው። ሦስቱም የይለፍ ቃል ሰራቂዎች ናቸው።

የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲና ኤፍቢአይ በግንቦት 2020፣ ከ2016 እስከ 2019 በብዛት ጥቃት የተፈጸመባቸውን አሥር ቀዳዳዎች ሲዘረዝሩ ይኸኛው በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በ2012 የተደፈነ ሌላ የኦፊስ ቀዳዳም አብሮት ነበር። መድኃኒቱ ወጥቶ ዓመታት ካለፉት በኋላ ማለት ነው።

ሁለቱ የጃፓን ኢሜይሎች

ቁልፉን የማስቀመጫ ሁለተኛው ቦታ ደብዳቤው ራሱ ነው። «ፋይሉ ለደህንነት ሲባል ተቆልፏል፤ የይለፍ ቃሉ ይኸው» የሚል ጽሑፍና የተቆለፈ አባሪ አብረው ይመጣሉ። ይህ በትልቁ የታየው ኢሞቴት በተባለው ማልዌር ጊዜ ነው። ኢሞቴት በ2014 የባንክ ገንዘብ ሰራቂ ሆኖ ብቅ ካለ በኋላ ወደ ኪራይ በርነት ተለወጠ። የገባበትን ኮምፒዩተር ለሌሎች ወንጀለኞች ያከራይ ነበር። ከተጠቂው የፖስታ ሳጥን እውነተኛ ደብዳቤዎችን እየሰረቀ በእነሱ ላይ መልስ መስሎ መምጣቱ ደግሞ አደገኛነቱን አበዛው። ተቀባዩ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ባልደረባው ጋር የጀመረው ወሬ ቀጥሎ ያገኘዋል፤ ከታች የተቆለፈ ፋይል ተያይዟል።

በመስከረም 2020 ኢሞቴት አባሪዎቹን በይለፍ ቃል በተቆለፈ ዚፕ ማሸግ ሲጀምር ጃፓን ክፉኛ ተመታች። በዚያ አገር ቢሮዎች ለዓመታት የቆየ ልማድ ነበር፤ ላኪው ፋይሉን በዚፕ ቆልፎ ይልካል፣ የይለፍ ቃሉ በሁለተኛ ኢሜይል ይከተላል። ብዙ ኩባንያዎች ይህንን በራሱ የሚሠራ ሶፍትዌር ተክለው ነበር። ሁለቱ ኢሜይሎች በአንድ መስመር ወደ አንድ ሳጥን ስለሚሄዱ፣ አንዱን ያየ ሰላይ ሌላውንም ያያል። ልማዱ ከሰላይ የሚያድነው ነገር ትንሽ ነው። ጉዳቱ ግን ትልቅ ነበር፦ አንድ ሕዝብ ሙሉ የተቆለፈ ፋይል ማለት ጥንቁቅ ላኪ ማለት እንደሆነ ተማረ፤ መርማሪ ፕሮግራሞችም የማያዩትን ማሳለፍ ለመዱ።

የዲጂታል ጉዳዮች ሚኒስትሩ ታኩያ ሂራይ በኅዳር 2020 ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ ልማዱ በካቢኔ ጽሕፈት ቤቶች ከዚያው ወር 26 ቀን ጀምሮ እንደሚቀር አስታወቁ። ጥያቄው ከሕዝብ ሐሳብ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ከፍተኛ ድጋፍ አግኝቶ ነበር። ሂታቺን የመሰሉ ትልልቅ ኩባንያዎች በቀጣዩ ዓመት ተከተሉ። በእኔ እምነት ይህ ውሳኔ ከብዙ ውድ መሣሪያ የበለጠ ሠርቷል። ሐቀኞቹ ሲያቆሙ፣ የተቆለፈ ዚፕ በራሱ የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ።

ኢሞቴትን በጥር 2021 የስምንት አገሮች ፖሊሶችና ዓቃቤያነ ሕግ በጋራ አፈረሱት። የዩክሬን ፖሊስ ያወጣው ቪዲዮ ደጅ ሲሰበር፣ በተዝረከረኩ ኮምፒዩተሮች መካከል ጥሬ ገንዘብና የወርቅ ጡቦች ሲለቀሙ ያሳያል። በዚያው ዓመት ኅዳር ግን ተመልሶ መጣ፤ በተመለሰ ጊዜ ከያዛቸው አባሪዎች መካከል የኤክሴል ፋይሎችና የተቆለፉ ዚፖች ነበሩ።

ሳይከፍቱ ማየት

አሁን ከመርማሪ ጠረጴዛ አጠገብ እንቁም። የተጠረጠረው ፋይል ስሙ በ«ኤክስኤልኤስኤክስ» ያልቃል። መርማሪው በኤክሴል አይከፍተውም፤ ከኔትወርክ በተለየ ኮምፒዩተር ላይ ጥሬ ባይቶቹን ያያል።

ከኦፊስ 2007 ወዲህ ያለ ያልተመሰጠረ የኤክሴል ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው። የዚፕ ፋይል ደግሞ በ«ፒ» እና «ኬ» ፊደላት ይጀምራል፤ የቅርጸቱ ፈጣሪ የፊል ካትዝ የስም ምልክት ናቸው። ይህ ፋይል ግን የሚጀምረው በዲ0፣ ሲኤፍ፣ 11፣ ኢ0 ባይቶች ነው። ይህ አሮጌው የማይክሮሶፍት ሰነዶች መያዣ ምልክት ነው። ስሙ አዲስ ሆኖ መያዣው አሮጌ የሆነ ፋይል ሲገኝ፣ አንዱ ዋና ምክንያት ምስጠራ ነው። በመያዣው ውስጥ «ኢንክሪፕሽንኢንፎ» እና «ኢንክሪፕትድፓኬጅ» የሚሉ ሁለት ክፍሎች ካሉ ጥርጣሬው ያበቃል። ፋይሉ ተመስጥሯል፤ ይህን ለማወቅ አንድም ቁልፍ መስበር አላስፈለገም።

የመጀመሪያው ክፍል በግልጽ የሚነበብ ነው። በአዲሶቹ የኦፊስ ዕትሞች የምስጠራው ዓይነት ኤኢኤስ፣ የማደባለቂያው ዘዴ ሻ-512፣ የዙሩ ብዛት 100,000 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። የዙሩ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ የይለፍ ቃል ለመሞከር ኮምፒዩተሩ ያንን ቃል 100,000 ጊዜ ደጋግሞ መፍጨት አለበት። ለአንድ ሙከራ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ለቢሊዮን ሙከራ ግን በየደቂቃው ደብዳቤ የሚቀበል ሰርቨር ሊሸከመው የማይችለው ሥራ ነው። ስለዚህ በኢሜይል በር ላይ ማንም በግምት ቁልፍ አይሰብርም። ጥቂት ቃላትን መሞከር ግን ይቻላል፤ ጥበቡም የትኞቹን ቃላት መሞከር እንደሚገባ ማወቁ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ቬልቬትስዌትሾፕ ነው። ካልሠራ መርማሪው ወደ ደብዳቤው ይመለሳል። ቤልጄማዊው ተመራማሪ ዲዲየር ስቲቨንስ በነፃ ካበረከታቸው መሣሪያዎች አንዱ የደብዳቤውን ጽሑፍ ተቀብሎ፣ በውስጡ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ በተመሰጠረው ፋይል ላይ ይሞክራል። በሥሩ ያለው የመፍቻ ፕሮግራም «ኤምኤስኦፍክሪፕቶ» ይባላል፤ እሱም በነፃ የሚገኝ ነው። የይለፍ ቃሉን በምስል ላይ የሚጽፉ አጥቂዎች ሲመጡ ምስል የሚያነቡ መርማሪዎች ተጨመሩ። በሁለተኛ ኢሜይል ሲልኩት ደግሞ ከአንድ ላኪ የመጡትን ደብዳቤዎች የሚያገናኝ አሠራር አስፈለገ።

ፋይሉ ሲፈታ የተደበቀው ይታያል። አንዳንዴ በሰንጠረዡ ውስጥ የተከተተ የቀመር ዕቃ ነው፤ በሂሳብ ቀመር ፋንታ ረጅም የኮድ ጅራት ይዟል። ሌላ ጊዜ በኤክሴል ምናሌ ውስጥ እንኳ እንዳይታይ ተደርጎ የተደበቀ ገጽ ይገኛል። በየሕዋሱ የተበታተኑት ፊደላት ሲገጣጠሙ በ1992 ከወጣው ኤክሴል 4 ጀምሮ የነበረ የማክሮ ትእዛዝ ይሆናሉ።

አሮጌው የኤክሴል ቅርጸት እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅም ጉድለት አለው። በዚያ ቅርጸት የሚመሰጠረው የሰንጠረዡ ክፍል እንጂ ቪቢኤ የሚባለው የማክሮ ማከማቻ አይደለም። በተቆለፈ ፋይል ውስጥ ያለን የቪቢኤ ማክሮ የይለፍ ቃሉን ሳያውቁ ማንበብ ይቻላል። የኤክሴል 4 ማክሮ ግን የሚቀመጠው በሰንጠረዡ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይመሰጠራል። የተቆለፈ ዚፕም እንዲሁ ይዘቱን እንጂ የፋይሎቹን ስም አይደብቅም። መርማሪ ፕሮግራም ቁልፉ ባይኖረውም በውስጡ ማክሮ የመያዝ ፈቃድ ያለው የኤክሴል ፋይል መኖሩን ከስሙ ያውቃል።

የማይሠራውን ደግሞ ማወቅ ይገባል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚተማመኑት የታወቁ መጥፎ ፋይሎችን የጣት አሻራ በያዘ ዝርዝር ላይ ነው። ምስጠራ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ የዘፈቀደ ቁጥር ስለሚጨምር፣ አንዱን ማልዌር በአንድ የይለፍ ቃል ሺህ ጊዜ ብንመሰጥረው ሺህ የተለያየ አሻራ ያወጣል። ለዚህ ዓይነቱ ፋይል ዝርዝሩ ከንቱ ነው።

ቁልፉ ጭራሽ ካልተገኘስ? ያኔ የመጨረሻው የማያ ቦታ የተጠቃሚው ኮምፒዩተር ነው። የትኛውም ምስጠራ በመጨረሻ መፈታት አለበት፤ ኤክሴል ፋይሉን ሲከፍት ይዘቱ በማስታወሻው ላይ ራቁቱን ይቀመጣል። ማይክሮሶፍት በ2018 ለቪቢኤ፣ በመጋቢት 2021 ደግሞ ለኤክሴል 4 ማክሮዎች፣ ትእዛዙ ሊፈጸም ሲል ለአንቲቫይረስ የሚያሳይ መንገድ ከፈተ። በ2022 ደግሞ የኤክሴል 4 ማክሮዎችን በነባሪነት ዘጋ፤ ከኢንተርኔት የሚመጡ የቪቢኤ ማክሮዎችንም ከለከለ። ከይዘቱ ሌላ ጠባዩም ይናገራል። የቀመር መጻፊያ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ፋይል የሚያወርድበት ምንም ሐቀኛ ምክንያት የለውም። ኤክሴል ፓወርሼል የተባለውን የዊንዶውስ የትእዛዝ መስጫ ፕሮግራም ቀስቅሶ የተጠላለፈ ትእዛዝ የሚሰጥበትም ምክንያት እምብዛም ነው። እነዚህን ሁለት ክስተቶች የሚከታተልና የሚያስቆም ደንብ መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ሲሆን፣ ፋይሉ በምን ቁልፍ እንደተቆለፈ ማወቅም አይጠይቅም።

የደመወዝ ሰንጠረዡ

እንግዲያው የተመሰጠረውን ሁሉ ብንከለክልስ? የአሜሪካው የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ስለ ኢሞቴት ባወጣው ማስጠንቀቂያ አንቲቫይረስ ሊመረምራቸው የማይችሉ አባሪዎች እንዲታገዱ መክሯል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም በጭፍን ከተተገበረ ሐቀኞችን ይጎዳል። የሂሳብ ሹሙ የሠራተኞችን ደመወዝ ዝርዝር ወደ ባንክ ሲልክ መቆለፉ ግዴታው ነው። የላቦራቶሪ ውጤት የሚልክ ሐኪም ቤትም እንዲሁ። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ ገልጦ መላክ ሕጋዊ ኃላፊነትም የሚያስከትል ነው። ስለዚህ የተመሰጠረውን ፋይል ማገድ ሳይሆን ማቆየት ይሻላል፤ ተለይቶ ይቀመጥ፣ አንድ ሰው ላኪውን ይጠይቅ፣ ከዚያ ይለቀቅ። ከዓመታት ጀምሮ በየወሩ ደመወዝ ዝርዝር የሚልክ አድራሻና ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆለፈ ፋይል የላከ አድራሻ አንድ ዓይነት ጥርጣሬ አይገባቸውም።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ ሁለት ተጨማሪ ክፍተት አለው። አንዱ ፈቃድ የሌለው፣ ዝማኔ የማይደርሰው ኦፊስ ነው። በ2017 የተደፈነው ቀዳዳ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ዛሬም ክፍት ነው፤ የኢሜይሉ በር ካሳለፈው ፋይል የሚያድነው ነገር የለም። ሌላው ቴሌግራም ነው። ፕሮፎርማውም፣ የጨረታ ሰነዱም፣ የደመወዝ ሰንጠረዡም በቴሌግራም ሲላክ፣ የመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል መርማሪ ከነጭራሹ አያየውም። የተጠቃሚው ኮምፒዩተር ብቻውን ይቀራል።

አንድ አባሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ ከማንም በላይ ኢትዮጵያውያን ልናውቅ ይገባናል። በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ በ2012 ከሰው የተላለፈለትን የዎርድ አባሪ ከፈተ። በውስጡ «ፊንስፓይ» የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ለወራት የስካይፕ ጥሪዎቹ፣ ኢሜይሎቹና የቤተሰቡ የኢንተርኔት ፍለጋ ተቀዳ ሲል በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ለደህንነቱ ሲባል በሌላ ስም እንዲከራከር ፈቀደለት። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በሚል ክሱ እንዳይቀጥል ወሰነ። ሰውየው በፍርድ ቤት ካሣ የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ ጥበቃው ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት ካልተደረገ ከዚያ በኋላ የሚያድን ዳኛ ላይገኝ ይችላል የሚል ነው።

የመሥሪያ ቤት የአይቲ ኃላፊዎች ከዛሬ ጀምራችሁ ልትሠሩት የምትችሉት አለ። የኢሜይል መርማሪያችሁ የተመሰጠረ ኤክሴል ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ፈትሹ። ራሳችሁ ጉዳት የሌለው ፋይል በቬልቬትስዌትሾፕ ቆልፋችሁ ላኩና ከፍቶ መመርመሩን ተመልከቱ። የኦፊስ ዝማኔ ያላገኙ ኮምፒዩተሮችን ለዩ። የሂሳብና የግዢ ሠራተኞች ደግሞ የይለፍ ቃልን ከፋይሉ ጋር በአንድ ኢሜይል መላክ ተዉ፤ በስልክ ንገሩ። ያልጠበቃችሁት የተቆለፈ ኤክሴል ሲደርሳችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ለላኪው ደውሉ። ስትደውሉም ከዚህ ቀደም በምታውቁት ቁጥር ይሁን እንጂ በኢሜይሉ ግርጌ በተጻፈው አይሁን።